ነጠላዬን ያስገለበጠኝ ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና አስተማሪ ሆኜ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙም ረስቻለሁ። ያስተማርኋቸው ልጆች ሸምግለው መንገድ ላይ ሲስሙኝ ስማቸው እየጠፋብኝ "እንዴት ነህ የኔ ጌታ" ብዬ አልፋለሁ። የዚያን ሳምንት ነገር ግን ከነጠላዬ ጥለት ጀምሮ አስታውሰዋለሁ። ለምን ዛሬ ልጽፈው እንደተነሳሁ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የሞጣ ልጅ ነኝ። ስሜ ይመኙሻል ነው፤ ሰው ግን ይመኙ ይለኛል። አባቴ ደስታ ገበያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ልብስ ይሰፋ ነበር። በዚያ ዘመን ሞጣ ላይ የአባቴ መርፌ ያላለፈበትን ቀሚስ ለብሳ የተዳረች ሙሽራ ብትኖር ጥቂት ናት። ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበረውም።

እናቴ ያረፈችው እኔ ደብረ ማርቆስ ስማር ነው። በዚያ ዓመት ፈተና ነበረብኝና "ትምህርቷን ታበላሻለች" ተብሎ ተደበቀ። ከሞጣ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር "እማዬ እንዴት ናት?" እላለሁ። "ደህና ናት፤ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር" ይሉኛል። ሰላም በሉልኝ እላለሁ። እሺ ይላሉ። ክረምት ሲገባ ሻሽ ገዝቼላት ወደ ቤት ሄድሁ። አክስቴ በራፍ ላይ ስማ ተቀበለችኝና "እናትሽ ጠበል ሄዳለች" አለችኝ። ጥሩ እራት አበላችኝ፤ እንደ ሕፃን እያጎረሰች። ለዚያች አንዲት ምሽት ብላ የከል ልብሷን አውልቃ ነጭ ለብሳ እንደነበር ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ግቢው በሰው ተሞላ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቄስና ሽማግሌ ይዞ። እስከዚያች ጧት ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ቢጠየቅም ይምላል። ይህን የሚያደርጉት ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ክፋት የለበትም። እኔን ግን አንገበገበኝ። እናቴን መሬት በልቷት እኔ ስንት ወር ሙሉ "ሰላም በሉልኝ" እያልሁ ስልክላት ኖርሁ። ሻሹ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ "ደህና ናቸው" የሚለኝን ሰው ማመን ተውሁ።

አሁን ስለ ጋሼ ሰይድ ልንገራችሁ። የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በቅሎ ጭነው ደብረ ወርቅ፣ ቢቸና፣ ገበያ ለገበያ የሚዞሩ። ከአባቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው፤ ጨርቁ የእሳቸው፣ መርፌው የአባቴ። ለአረፋ አባቴ እሳቸው ቤት፣ ለፋሲካ እሳቸው እኛ ቤት ሳይጠያየቁ አይውሉም።

ሰው ግን ጋሼ ሰይድን ይሸሻቸው ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ያሰቡትን ሳያላምጡ ስለሚናገሩ ነው። የታመመ ሊጠይቁ ገብተው፣ ሌላው "ፊትህ በርቷል" ሲል እሳቸው "በጣም ከስተሃል" ይላሉ። ድግስ ተጠርተው ወጡ ጨው ከበዛበት ጨው በዝቶበታል ይላሉ፤ ብለውም ግን ሳይተርፋቸው ይበላሉ። ገበያ ላይማ የራሳቸውን ደንበኛ ሲያባርሩ ማየት ነው። ቢቸና እንደተመደብሁ ሰሞን ከእሳቸው ዘንድ አረንጓዴ ጨርቅ መረጥሁ። "ይህ ቀለሙ ይለቃል፤ ለመጋረጃ ውሰጂው ካልሽ ውሰጂ። ደግሞም አያምርብሽም፤ ያጠቁርሻል" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ተናድጄ እልፍ ብሎ ካለው ነጋዴ ያንኑ ጨርቅ ገዛሁ። እሱ "የተፈጠረልሽ ነው" አለኝ። ባጠብሁት ቀን አንሶላዬም ፎጣዬም ውስጥ ልብሴም አረንጓዴ ሆነ። ማጥቆሩንም፣ እውነት ለመናገር፣ ያጠቁረኝ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኅዳር ላይ ነው፤ አዝመራው እየታጨደ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተራችን አስጠራኝ። አቶ ግርማ ይባላል፤ ከሸዋ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሰው ሲያለቅስ ማየት የማይችል ሰው ነው። አንድ መንገደኛ ከሞጣ መጥቶ ለእሱ መልእክት ነግሮ ወደ ደጀን አልፏል። መልእክቱ አባቷ ታመዋል፤ ትምጣ የሚል ነው።

አቶ ግርማ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ እያየ ነው የነገረኝ። "ትንሽ ነው ያመማቸው። ከቅዳሜ ገበያ በኋላ በቅሎ እንፈልግልሻለን፤ አትቸኩዪ" አለኝ። ሞቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ኧረ አልሞቱም ብሎ ማለ። ሲምል ግን ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

ያን ጊዜ ቆረጥሁ። አባቴ ሞቷል።

ስልክ የት ሄዶ ነው ትሉ ይሆናል። ስልክ በአውራጃው ግቢ አንድ ነበረ። ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበልጥ ነበርና ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብሁትም። የሞተ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል?

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ልቤን የሚያጸና ሆነ። ተከራይቼ የምኖርባቸው እትዬ ጥሩወርቅ የዋህ ባልቴት ነበሩ። ማታ ስገባ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጭስ ነው አሉኝ፤ እሳት ግን አልተያያዘም ነበር። ዓርብ ዕለት አብረውኝ የሚያስተምሩት ሁሉ እየመጡ ያለ ምክንያት ተቀምጠው ሄዱ። ጎረቤት እንስራ ውኃ ሞልቶ አመጣ። ዓርብ ማታ እትዬ ጥሩወርቅ ያላቸውን ሁሉ ሠርተው እራት አቀረቡልኝ፤ "ብይ ልጄ፤ ለነገ ጉልበት ያስፈልግሻል" ብለው አጎረሱኝ። እጃቸው አፌ ላይ ሲደርስ የአክስቴ እጅ ትዝ አለኝ። ይህን ጉርሻ አውቀዋለሁ። አልቀበልም ብል ያዝናሉ ብዬ በላሁ።

ቅዳሜ ከመንጋቱ በፊት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። አልዘገዩም። ቄሱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አቶ ግርማና መምህራኑ፣ ሰፈሩ በሙሉ መጡ። ቄሱ "ይመኙሻል፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን" ብለው ሲጀምሩ አላስጨረስኋቸውም። ጮህሁ። ደረቴን መታሁ። "አንድ ልጅህን ጥለህ" እያልሁ አባቴን ጠራሁት። እትዬ ጥሩወርቅ ከእኔ ብሰው አለቀሱ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ፤ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ ሰው እየገባ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይለኛል።

ሞጣ መቼ ትሄዳለች የሚለውንም እዚያው አጠገቤ መከሩበት። ቀብሩ ያለፈ ነው፤ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ሲረጋጋላት፣ አጃቢ ተፈልጎላት ብትሄድ አሉ። እኔም ተስማማሁ። ለማን ብዬ ነው የምቸኩለው?

ረፋዱ ላይ ጋሼ ሰይድ መጡ። ገበያ ሊወጡ በቅሏቸውን ከነጭነቷ ይዘው ሲያልፉ የደስታ ልጅ መርዶ ተረዳች ሲባል ሰምተው ነው። በሩ ላይ ቆመው ግቢውን ቃኙ። ለቅሶ ላይ እንደሚደረገው አቀርቅረው መጥተው አልተቀመጡም። ቆመው "የሞተው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጓደኛዎ ደስታ ነው እንጂ አላቸው።

"መቼ?"

ሽማግሌው ወደ ቄሱ፣ ቄሱ ወደ አቶ ግርማ ዞሩ። አቶ ግርማ መሬት መሬቱን አየ።

ጋሼ ሰይድ ወደ እኔ መጡና ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ፊቴን አዩ። "ይመኙ፣ ስሚኝ" አሉ። "አባትሽ አልሞተም። ከትናንት ወዲያ ጧት ከሞጣ ስወጣ እጁን ይዤ ነው የተሰናበትሁት። አንቺን ይጠይቃል።"

ፊታቸውን አየሁ። ደስ አላለኝም፤ ይህን መናዘዝ አለብኝ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ በየተራ ምሎልኛል፤ እሳቸውም ከነሱ ተራ ገቡ ብዬ ነው ያሰብሁት።

እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። "አይድንም" አሉ። "ሆዱ አብጧል፤ እህል አልወርድለት ብሏል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ለብቻችን ጠርቶ ነግሮናል። እኔ እንደማየው ሌላ ሳምንት የሚጨርስ አይመስለኝም። አሁን ከተነሳሽ ትደርሺበታለሽ። እዚህ ተቀምጠሽ ካለቀስሽ ግን አትደርሺም።"

እትዬ ጥሩወርቅ የጋሼ ሰይድን ጋቢ ከኋላ ጎተቱ። "አንተ ሰው፣ የምሥራቹን ከነገርሃት ምናለ እዚያ ላይ ብታበቃ፤ መንገዱን እንኳ በተስፋ ትሂድ" አሉ። ጋሼ ሰይድ ጋቢያቸውን አስለቀቁና "ተስፋውን እሷ ታውቃለች፤ እኔ ያየሁትን ነው የምነግራት" ብለው መለሱ።

ያን ጊዜ አመንኋቸው። አይድንም ስላሉኝ ነው አልሞተም ያሉትንም ያመንሁት። የመጀመሪያውን ብቻ ተናግረው ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሰሌን ላይ የሚያስነሳኝ አልነበረም። ጨርቃቸው እንደሚለቅ፣ ቀለሙም እንደማያምርብኝ ገበያ መሃል የነገሩኝ ሰው ናቸው። እኔን ለማስደሰት ብለው የማይዋሹ ከሆነ፣ ለማጽናናትም ብለው አይዋሹም።

ተነሳሁ። ነገሩ ምን እንደሆነ ያኔ ተጣራ። መንገደኛው ታመዋል ብሎ ነው የሄደው፤ ከዚያ በቀር አንዲት ቃል አልተናገረም። አቶ ግርማ ታመዋል ሲባል ያው እንደልማዳችን ሞተዋል ማለት ነው ብሎ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለእትዬ ጥሩወርቅ። ዓርብ ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ መንገደኛው ሲናገር አቀርቅሮ ነበር የሚል ማስረጃ ተጨመረ። አቶ ግርማ ዓይኔን ያላየው ሲዋሸኝ አልነበረም። እውነቱን እየነገረኝ የዋሸኝ መስሎት ነው። እኔም እውነቱን ሰምቼ ውሸት ነው ብዬ ለአባቴ በቁሙ አለቀስሁለት። የሚገርመኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ክፉ አልነበረም። ቄሱ ራሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው "እኛ ምን ነካን" እያሉ ቀሩ።

አቶ ግርማ ሮጦ የራሱን በቅሎ አስጭኖ አመጣ። ጋሼ ሰይድ በቅሎዋን ዞረው አይተው "ከኔዋ ትሻላለች፤ የኔዋ ደክማለች፤ ብሰጥሽ መንገድ ላይ ትተኛብሻለች" አሉኝ። አብረውኝ ይመለሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ዓይኔን አይተው ገባቸው መሰለኝ። "እኔ ጨርቄን ሳልሸጥ አልመለስም። ልጆች አሉኝ። የእትዬ ጥሩወርቅ ወንድም ያድርስሽ" አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ልቤ ይቆስል ነበር። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ትክክል ሆኖ ተሰማኝ።

ያን ዕለት ደብረ ወርቅ አደርን። እሑድን ሙሉ ተጉዘን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሞጣ ገባን። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የሄድሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድረሽበት፣ ድረሽበት። ሌላው ሁሉ ከሐሳቤ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የሰፈራችን ሰዎች ሲያዩኝ ደረታቸውን ይዘው ቀጥ ሲሉ ምን እንደነካቸው አልገባኝም። አክስቴ በር ላይ አየችኝና ሮጣ መጥታ ነጠላዬን ከላዬ ገፈፈችው። "በቁሙ ልትቀብሪው ነው እንዴ" ብላ ገልብጣ አለበሰችኝ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ድረስ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ነበር የመጣሁት።

አባቴ በሕይወት ነበር። ጠባብ መኝታው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አልቆ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ "ደከመሽ?" አለኝ። እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስሁ። እሱ የመንገድ ድካም መስሎት ውኃ ስጧት እያለ ያዝ ነበር።

አክስቴ ጓዳ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። ድሬሰሩ ተስፋ እንደሌለው ነግሯቸዋል፤ ለእሱ ግን ይሻልዎታል ተብሏል። ጎረቤቱም ቄሱም እንዲሁ ይሉታል። አንቺም እንዲሁ በይው አለችኝ። እሺ አልኋት። እናቴን የደበቁኝን እያማሁ የኖርሁ ሴት፣ እሺ ለማለት ዓይኔን አላሸሁም።

ማክሰኞ ቀን ላይ አክስቴ ወጣ ስትል አባቴ ጠራኝ። ማዶ ያለውን ቁም ሣጥን እያየ ነው። በሩ አልገጥም ብሎ ጨርቅ ተርፎት ይታያል፤ የጥር ሙሽሮች ጨርቅ ነው። ሰው ለሠርግ ብሎ ያመጣው፣ ተለክቶ የተቆረጠ፣ ያልተቆረጠም። ታሞ እንደተኛ ሁሉም ያውቃል፤ ጨርቄን መልሱልኝ ያለ ግን አንድም ሰው የለም። እንዴት ይላሉ? ጨርቅ ከልብስ ሰፊ ቤት ማውጣት ትሞታለህ እንደማለት ነው። ስለዚህ እየመጡ "ሲሻልዎ ይሰፉታል" እያሉ ይሄዳሉ።

"ይመኙ" አለኝ። "ሁሉንም ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም ይሻልሃል ይሉኛል። የሚሻለኝ ከሆነ ቀስ ብዬ እሰፋዋለሁ። የማይሻለኝ ከሆነ ግን ጥር ሳይደርስ ለሌላ ሰፊ ይስጡት። የሰው ልጅ ሠርግ ይዤ እንዳልሞት። እድናለሁ ወይስ አልድንም?"

ይሻልዎታል የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ቀላል ነው፤ ሁሉም ብሎታል። እሱም ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቀለም። ያን ጊዜ ጋሼ ሰይድ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ትዝ አሉኝ። እሳቸው እንደዚያ ባይነግሩኝ ኖሮ እኔ እዚህ አልነበርሁም።

"አባዬ፣ አይድኑም" አልሁት። "ድሬሰሩ እንደዚያ ብሏል።"

እጄን ያዘ፤ አልለቀቀም። እኔ ምን አደረግሁ ብዬ ስጨነቅ "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ። "ብቻዬን ነበር የማውቀው፤ አሁን ሁለት ሆንን።"

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የሥራ ቀን ነበር ብል ይቀለኛል። የንስሐ አባቱን አስጠራ። ቁም ሣጥኑን አስከፈተኝና እያንዳንዱን ጨርቅ እያነሳሁ ሳሳየው የማን እንደሆነ፣ የት ድረስ እንደተሠራ፣ የትኛው ሰፊ ቢጨርሰው እንደሚያምር ነገረኝ። ባለቤቶቹን አንድ በአንድ አስጠራን። እያለቀሱ ወሰዱ። አንዲት የሙሽራ እናት ግን አልወስድም ብለው ግግም አሉ፤ ይድናሉ፣ እርስዎው ይሰፉታል አሉ። አባቴ በዚያ ደካማ ድምፁ "እመቤቴ፣ ልጅዎን ራቁቷን ሊድሩ ነው?" አላቸው። ሳቁና አለቀሱ፤ ወሰዱ። ቁም ሣጥኑ ባዶ ሲሆን አባቴ እንደዚያ ቀን በሰላም ተኝቶ አያውቅም።

አክስቴ ተቆጥታኝ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አልፈርድባትም።

አባቴ ሌላም ነገር ነገረኝ። እናቴ ስትሞት ጋሼ ሰይድ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደው ሊነግሩኝ ተነስተው ነበር። የእናቷን ቀብር የምትከለክላት ማን ነህ ብለው ከአባቴ ጋር ተጣልተው ነበር። አባቴ በልጆቻቸው አስምሎ አስቀራቸው። "ፈተናሽን ብዬ ነው። ሻሹን ይዘሽ ስትመጪ ያየሁት ቀን ግን ሰይድ ትክክል እንደነበር ገባኝ" አለ። ይቅር በይኝ አለኝ። እኔም ይቅር አልሁት፤ ከልቤ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣልኝ ነገር በዚያች ሰዓት ወጣልኝ።

ሳምንቱ አላለቀም፤ አባቴ በቀን፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ አረፈ። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ለእኔ የሚነገረኝ መርዶ አልነበረም። ወጥቼ ለሰፈሩ የነገርሁት እኔው ነኝ።

ጋሼ ሰይድ ከገበያ ሲመለሱ ለቅሶ ደረሱ። አጠገቤ ተቀምጠው ደረስሽበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደረስሁበት አልኋቸው። "አልሐምዱሊላህ" አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ እሳቸውም አረፉ። ልጃቸው የማስተምርበት ክፍል በር ላይ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ "አባባ ትናንት ሞቱ። ስሞት ለይመኙ አሟቸዋል ብላችሁ እንዳትነግሯት ብለውን ነበር" አለኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ እዚያው አለቀስሁ።

ለምን ዛሬ እንደጻፍሁት ልንገራችሁ ብዬ ነበር። በቅርቡ ትንሽ አሞኝ ልጄ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ እሱን ለብቻ አስገብቶ አነጋገረው። ሲወጣ "ምንም የለም እማዬ፣ ድካም ነው ብሏል" አለኝ። ሲነግረኝ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ያን ዕለት ማታ ምራቴ ጥሩ እራት ሠርታ አጎረሰችኝ።

እውነቱን ነግሮኝ እንደሆነ አላውቅም። አቶ ግርማም ያን ጊዜ ካርታውን እያየ የነገረኝ እውነት ነበር። ይህ ነው የቸገረኝ፤ በእኛ አገር የደግ ሰው እውነትና የደግ ሰው ውሸት መልካቸው አንድ ነው። መሞት አያስፈራኝም ብል እዋሻለሁ፤ ያስፈራኛል። ከዚያ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ልጄ ብቻውን እያወቀ፣ እኔም ብቻዬን እየጠረጠርሁ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተሸሽገን መኖራችን ነው።

ልጄ ይህ የሚወጣበትን መጽሔት ያነባል፤ ይህንም ማንበቡ አይቀርም። ልጄ፣ ና አጠገቤ ቁጭ በልና ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ደህና ከሆንሁም ደህና ነሽ በለኝ፤ ያን ጊዜ አምንሃለሁ። እኔም ጥር ሳይደርስ የምመልሰው የሰው ጨርቅ አለኝ።